ፈታሿን ማን ይፈትሻል

ታላቅ እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። ሜትር ከአንገቷ ስለማይወርድ ሰፈሩ «ሜትሮዋ» ይላታል። በካቶሊክ ቁምስናችን አባ ለብሰውት የሚቀድሱት ልብስ ሁሉ በእሷ እጅ ያለፈ ነው። ባሏን በጊዜ ቀብራ አንድ ልጇን በዚሁ ስፌት አሳደገች።

ልጁ ክር ፋብሪካ ተቀጠረ። አንድ ቀን ሠራተኞቹ ሳንባችንን የሚበላውን ብናኝ የሚያወጣ ማራገቢያ ይተከልልን ብለው በሩ ላይ ተሰበሰቡ። ዘበኛው የእህቴን ልጅ ጭንቅላቱን በዱላ መታው፤ ልጁ ሳይነጋ ሞተ። ሥራ አስኪያጁ ዐይኑን በጨው አጥቦ «ከደረጃ ወድቆ ነው» አለ። ያየ ሁሉ ለእንጀራው ፈርቶ አፉን ዘጋ። እህቴን ያቃጠላት ይሄ ነው፤ ተገድሎባት ሳለ በገዛ እግሩ ተደናቅፎ የሞተ ተብሎ ሊቀር!

የቁምስናው የፍትሕና የሰላም ማኅበር ነገሩን ያዘው። ሥራቸው አርብ አርብ ፋብሪካው በር ላይ ሄዶ ዝም ብሎ መቆም ነው። ስድብ የለም፣ ድንጋይ የለም። እኔ መጀመሪያ ስሰማ «ለመቆምማ ግንብ አይበቃም?» ብዬ ስቄባቸዋለሁ። ሥርዓት ግን አላቸው። ከመውጣታቸው በፊት እያንዳንዱ በቁምስናው አዳራሽ ባለው ጠረጴዛ ላይ ኪሱን ይገለብጣል። ሰንጢ፣ ክብሪት፣ የሚወጋና የሚያቃጥል ሁሉ እዚያው ይቀራል። ከዚያ ደግሞ አንድ ሰው በእጁ ይፈትሻቸዋል። ፋብሪካው «ሁከተኞች» ሊላቸው አንድ ሰበብ ብቻ ነበር የሚፈልገው፤ ያን ካገኘ የልጁ ጉዳይ ውሃ በላው ማለት ነው።

ፈታሿ እህቴ ሆነች። የልብስ ገበርና ቅምቅማት ማን እንደ እሷ ያውቃል? አንዴ ከአባ ኪስ ጥፍር መቁረጫ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥ ሰው ሁሉ ሳቀ። አባ ግን «ልክ ነሽ ልጄ፣ እኔም ንዴት አያጣኝም» አሏት።

ፈታሿን የሚፈትሽ ግን አልነበረም። እነዚያ ደጋግ ሰዎች ይህን አላሰቡትም። ቢያስቡትስ፣ ልጇ የሞተባትን እናት ማን ደፍሮ ይዳብሳል?

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይባላል። እህቴ ሳሏን አፍና ቻለችበት። በየአርቡ ከዚያ ዘበኛ ፊት ለፊት ትቆማለች። መቁጠሪያዋን እየቆጠረች ዐይኗን ከዐይኑ ላይ አትነቅልም። በቀሚሷ ገበር ውስጥ ደግሞ የጨርቅ መቀሷን ሰፍታበታለች። ይህን እኔም አላውቅም ነበር። ባውቅ እከለክላት ነበር? እንጃ፤ ምናልባት እሞርድላት ነበር።

አንድ አርብ ፋብሪካው ፖሊስ ጠራ። ፖሊሶቹ የቆመውን ሰው መግፋት ጀመሩ። አንድ ሽማግሌ ተንገዳግደው እህቴ ላይ ወደቁ፤ እሷም በጉልበቷ ተደፋች። ገበሩ ተተረተረና መቀሱ ዘበኛው እግር ስር ዱብ አለ። እኔም ያን ቀን አብሬያት መጥቼ አጠገቧ ነበርኩ። ሥራ አስኪያጁ ከበሩ ወዲያ ስልኩን ደቅኖ ይቀርጸናል።

ዘበኛው መቀሱን አየ። እህቴን አየ። ከዚያ በቦት ጫማው ረገጠው፤ ፖሊሶቹ እስኪሄዱም እግሩን አላነሳም።

ሰው ሲበተን እጇን ይዤ «እትዬ፣ እንሂድ» ብላት ንቅንቅ አላለችም።

«ለምን ሸፈንክልኝ?» አለችው። የልጇ ገዳይ ባለውለታዋ ሊሆን!

«እናቱ መሆንዎን ከመጀመሪያው ቀን አውቄያለሁ፤ ቁርጥ እርስዎን ነበር» አለ ዘበኛው አንገቱን ደፍቶ። «የሆነ ቀን እርስዎ ይገድሉኛል ብዬ ነው እዚህ የምቆመው። ወደ ሌላ በር ሊያዛውሩኝ ሲሉ እንኳ እምቢ ብያለሁ። እንቅልፍ የለኝም፣ እማማ። ይገላግሉኝ።»

እህቴ ሳቀች። እንዲያ ያለ ሳቅ ከእሷ ሰምቼ አላውቅም።

«ሞት አማረህ? አልሰጥህም!» አለችው። «ልጄ የተነፈገውን ዕድሜ አንተ እስኪያንገሸግሽህ ትኖረዋለህ። ፍርድ ቤት ሄደህ ማን እንዳዘዘህ በገዛ አፍህ ትናገራለህ።»

ለአባ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ፈታሽነቱንም ለሌላ ሰጡት። ዘበኛውም እንዳለችው ተናገረ። «በለው ያለኝ ሥራ አስኪያጁ ነው፤ ደረጃ የሚባል ነገር የለም» አለ በዳኛ ፊት። በሁለቱም ላይ ሲፈረድ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፤ እልልታዬን አቅልጬው ፖሊስ ከችሎቱ አስወጣኝ።

አሁን በየወሩ ለዚያ ዘበኛ እስር ቤት ድረስ ስንቅ ትወስዳለች። የቁምስናው ሰው «እንዴት ያለ ይቅር ባይ ልብ ነው!» እያለ ያደንቃታል። ባለፈው ሳህኑን በጨርቅ ስትቋጥር ደርሼ፣

«እውነት ይቅር ብለሽው ነው?» አልኳት።

ቋጠሮውን ጠበቅ አደረገችው።

«ይብላ» አለችኝ። «በደንብ ይብላ፣ ጤናም ይስጠው። ገና ብዙ ዘመን ልጄን ያስታውሳል።»