እናቴ ጉልቻዋን መንገድ ዳር ያወጣችበት ሁዳዴ

ሽንኩርት ሲቁላላ የሚወጣው ሽታ ከናፍጣ ጭስ ጋር ተቀላቅሎ አፍንጫዬ ውስጥ በገባ ቁጥር፣ የትም ልሁን የት፣ እግሬ ቀጥ ይላል። ሌላው ሰው ልጅነቱን በአደይ አበባና በእርጥብ አፈር ሽታ ሲያስታውስ እሰማለሁ፤ እኔ ዕድሌ ሁኖ የማስታውሰው በናፍጣ ነው። ያደግሁት ፍኖተ ሰላም መሀል ከተማ፣ አውቶቡስ ከሚቆምበት ሜዳ ፊት ለፊት፣ እናቴ ስመኝ ምግብ ቤት ከፍታ መንገደኛ ታበላበት በነበረች ቤት ውስጥ ነው። በዚያች በር ላይ ሁኜ ብዙ ጉድ አይቻለሁ፤ አንዱ ግን ይኸው ጸጉሬ ሸብቶም ድንጋጤው ከላዬ አልወረደም።

ቤታችን አንድ ክፍል ለእንግዳ፣ አንድ ክፍል ለእኛ ሁና፣ ወጥ ቤቷ ከጀርባ በጭራሮ የታጠረች ጨለማ ጎጆ ነበረች። ክረምት ሲገባ ከፊታችን ያለው ሜዳ ጭቃ ሁኖ ሰው ይውጥ ነበር። አጋነነ ትሉኝ ይሆናል፤ የአንድ መንገደኛ ጫማ በሐምሌ ገብቶ በጥቅምት ሲወጣ ግን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ባለቤቱ ራሱ አላወቀውም። አውቶቡሱ ሲያዝ ተሳፋሪው ወርዶ ይገፋል፣ ገፍቶ ይርበዋል፣ ርቦት እኛ ቤት ይገባል። ስለዚህ እናቴ ዝናብ ሲጥል ሌላው ሰው እንደሚያደርገው አታማርርም፤ ሰማዩን አየት አድርጋ ሽንኩርት መክተፍ ትጀምር ነበር።

መስከረም ጠብቶ ጭቃው ሲደርቅ፣ ታኅሣሥና ጥር ደግሞ በርበሬ ይመጣ ነበር። ከቡሬ፣ ከማንኩሳ፣ ከጅጋ በአህያ የተጫነው ዛላ በርበሬ ገበያው ላይ ሲሰጣ ከተማው ደም የፈሰሰበት ይመስላል፤ ሰውም፣ አህያም፣ ዶሮም አብሮ ያነጥሳል። አንዱ ሲያነጥስ «ይማርህ» የሚለው ሌላው ራሱ እያነጠሰ ስለነበር፣ ምሕረቱ ለማን እንደደረሰ አይታወቅም ነበር። አባቴ አንለይ ከቡሬ ወደ እኛ፣ ከእኛ ወደ ቡሬ እየተመላለሰ በርበሬና እህል ይነግድ ነበርና፣ ያን ወቅት ከሳምንት ሳምንት ዓይኑ ቀልቶ ነበር የሚከርመው።

የእናቴ ንግሥና ግን በሁዳዴ ነበር። በፍስኩ ወቅት ሥጋ የሚሸጥ ሞልቷል፤ የጾም ወጥ አጣፍጦ መሥራት ግን የስመኝ ፋንታ ነው ይባል ነበር። ሽሮዋ፣ ድፍን ምስሯ፣ ስልጆዋ፣ ከሽምብራ ዱቄት አሣ አስመስላ የምትጠብሰው ነገር፣ ሹፌሩን ከመሪው ላይ ጎትቶ ያወርደው ነበር። አውቶቡሱ ገና ከተማ ሳይገባ ረዳቱ በመስኮት ብቅ ብሎ «ስመኝ ቤት ምሳ!» ብሎ ይጮኻል። ካህናቱም ከቅዳሴ መልስ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ ጎራ እያሉ እህል የሚቀምሱት እኛ ቤት ነበር። ዓመቱን ሙሉ የምንለብሰውም የምንማረውም ከዚያች ከሁዳዴ ገበያ ነው፤ ሌላው ወር ከእጅ ወደ አፍ ነበር።

እኛ አገር ዘይት ማለት የኑግ ዘይት ነው፤ ጥቁር፣ ቀጭን፣ እንደ ውኃ የሚፈስ። የዚያን ዓመት ግን ኑጉን ውርጭ መታውና ጨማቂው ሁሉ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ሁዳዴ ሊገባ ሲል አባቴ ከቡሬ አንድ ትልቅ ቆርቆሮ ተሸክሞ መጣ። እናቴ ክዳኑን በቢላዋ ፈልቅቃ ወደ ውስጥ አየችና ወደ ኋላዋ ተፈናጠረች።

«በስመ አብ! አንለይ፣ ምን ነክቶህ ነው? በጾም ቅቤ ታመጣለህ?»

«ቅቤ አይዶለም፣ ዘይት ነው።»

«ዘይትማ ይፈሳል!»

«ይኸ አይፈስም። የረጋ ዘይት ነው ብለውኛል፤ ከባሕር ማዶ ነው እሚመጣ፤ ከዛፍ ነው እሚጨመቅ።»

ሁላችንም ቆርቆሮውን ከበን እንደ ጉድጓድ አየነው። ነጭ ሆኖ ወደ ቢጫ ያደላል፣ ጥፍጥፍ ብሎ ረግቷል፣ ለጋ ቅቤ ቁጭ! እናቴ በጣቷ ጫፍ ነካ አድርጋ አሸተተችው፤ አይሸትም። አባቴን አስሸተተችው፣ እኔን አስሸተተችኝ፣ ድመቷን ሳይቀር አስሸተተቻት፤ ድመቷ ፊቷን አዙራ ሄደች። ይኸኔ እናቴ አመነች። የከተማው ሰው ግን የእኛ ድመት ዕውቀት አልነበረውም።

ከሁዳዴ በሁለተኛው ሳምንት፣ አንድ ዓርብ ረፋድ ላይ፣ ኋላ እናቴ እንደነገረችኝ፣ ጎረቤታችን እትዬ ባንቺአየሁ እሳት ልትጭር በጓሮ መጣች። ጠላ የምትሸጥ፣ ከእናቴ ጋር በአንድ ማኅበር የምትጠጣ፣ እኔን በጀርባዋ ያዘለች ሴት ናት። ወጥ ቤቷ በር ላይ ስትደርስ እናቴ ከቆርቆሮው በማንኪያ አንድ ጉብታ ነጭ ነገር ዛቅ አድርጋ፣ የጋለው ድስት ላይ ጣለችው፤ ድስቱ ጭስስስ! አለ። እትዬ ባንቺአየሁ የያዘችው ገል ከእጇ ወደቀ። እናቴ ዞር ብላ «ግቢ እንጂ፣ እሳቱን ውሰጂ» ስትላት፣ ሴትየዋ በነጠላዋ አፏን ሸፍና፣ እሳቱንም ሳትጭር፣ ወደ ኋላዋ እያየች ሄደች።

ወሬ ይሮጣል ሲባል እሰማ ነበር፤ የዚያን ቀኑ ወሬ ግን በርሮ ነው የሄደው። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ከማላውቃቸው ልጆች አፍ «የሁዳዴ ቅቤ ልጅ!» የሚል ስድብ ተቀበለኝ። ቤት ስደርስ ምሳ ሰዓት ነው፤ አውቶቡሱ ቁሟል፤ ተሳፋሪው ግን በእኛ በር አልፎ ሲሄድ አየሁና ክው ብዬ ቀረሁ። ረዳቱ ከእናቴ ጋር ዓይን ለዓይን ሲገጣጠም ቀና ብሎ ሰማይ ማየት ጀመረ፤ ሰማዩ ላይ አንዲት ደመና እንኳ አልነበረችም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት አይጣል ነው። እናቴ ጠዋት ጠዋት እንደ ወትሮዋ ትሠራለች፣ ማንም አይመጣም፤ ማታ ሽሮውን እኛው እንበላዋለን፣ የተረፈውን ለውሻችን እንሰጠዋለን። ውሻው ወፍሮ በበር አልገባ አለ። ትናንት እጇን ስመው የሚገቡ ሴቶች ከሩቅ ሲያዩዋት መንገድ ይሻገራሉ። አባቴ በየሱቁ በር እየቆመ «በሚካኤል፣ ዘይት ነው! ቆርቆሮውን ላምጣላችሁ?» እያለ ሲምል፣ ሰዎቹ በአዘኔታ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። «አይፈረድበትም፣ ሚስቱ ናት» ይሉታል። በእኛ ከተማ ሴት ብትሰርቅ ትታረቅ ይሆናል፤ ካህን በጾም ቅቤ አበላች ከተባለች ግን ቤቷ ተዘጋ ማለት ነው፣ ለማኅበርም ለድግስም አትፈለግም።

መቼም አንድ መፍትሔ አይጠፋም ብሎ አባቴ ወደ ነፍስ አባታችን ወደ አባ ይሁኔ ሄደ። አባ ይሁኔ መጡ። እናቴ እንዴት ደስ እንዳላት! መስቀል ተሳልማ፣ እግራቸውን አጥባ፣ ቆርቆሮውን ከፊታቸው አቀረበችላቸው። እሳቸውም ጎንበስ ብለው አሸተቱ፣ በጣታቸው ነካ አደረጉና በሁለት ጣት መካከል አሹት፣ ወደ ብርሃን አውጥተው አዩትና «ዘይት ነው» አሉ። አባቴ ጣሪያውን በጭንቅላቱ እስኪነካ ዘለለ። እናቴ ቶሎ ብላ በዚያው ዘይት የሠራችውን ሽሮ በገበታ አቀረበች።

አባ ይሁኔ ገበታውን አዩ። እናቴን አዩ። ከዚያ ጢማቸውን ዳሰሱ።

«ይባርክሽ ልጄ። ዛሬ አልራበኝም።»

«አባቴ፣ እርስዎም አላመኑኝም?»

«እኔማ አምኜሻለሁ፣ ስመኝ። አፌ ነው እምቢ ያለኝ።»

ባረኩንና ሄዱ። እናቴ ገበታው ላይ እንዳፈጠጠች ቀረች። ስታለቅስ እንዳይ ፈርቼ ፊቷን ሰረቅ አድርጌ ባየው፣ እንባ የለም፤ ከእንባም የሚያስፈራ ነገር ነበረበት።

ቅዳሜ፣ ገበያው ሲሞላ፣ እናቴ ከወጥ ቤቷ ሦስቱን ጉልቻ አንድ በአንድ ተሸክማ ወጣች። አባቴ «ምን ልታደርጊ ነው?» እያለ ተከተላት። ጉልቻዎቹን ከበራችን ወጣ ብሎ መንገድ ዳር፣ አላፊ አግዳሚው በሚያልፍበት ላይ ተከለቻቸው። እሳት አነደደች፣ ድስት ጣደች፣ ቆርቆሮውን ክዳኑን ከፍታ በአጠገቧ አስቀመጠች። ባለትዳር ሴት፣ በዓቢይ ጾም፣ በገበያ ቀን፣ ሕዝብ እያያት አደባባይ ላይ ወጥ ስትሠራ ከዚያ በፊት ማንም አይቶ አያውቅም። ገበያው ቀጥ አለ። የበርበሬ ሻጮቹ ማስነጠሳቸውን ሳይቀር አቆሙ።

«ኑ፣ እዩ!» አለች እናቴ፣ ድምጿን ሳታንቀጠቅጥ። «እሚያሸት ያሽትት፤ እሚቀምስ ይቅመስ። ቤቴ ጨለማ ነው ከተባለ፣ ይኸው ፀሐይ ላይ ነው ያለሁ።»

ሕዝቡ ከበበ እንጂ የቀመሰ የለም። እትዬ ባንቺአየሁም ከኋላ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሸፍና ቁማለች። ይኸን ጊዜ ከቡሬ ወዲያ፣ ከአዊ ወገን በርበሬ ጭኖ የመጣ አንድ ሽማግሌ ገበሬ፣ ወሬውን ያልሰማ፣ ሌሊቱን ሲጓዝ ያደረ፣ በሰው መካከል በክርኑ እየጣሰ መጥቶ ከፊቷ ቁጢጥ አለ።

«ሴትዮ፣ ርቦኛል። ስጭኝ እስቲ።»

ሰጠችው። ሽማግሌው ጠቅልሎ ሲጎርስ ሕዝቡ ሁሉ ትንፋሹን ያዘ። እኔ በበኩሌ መብረቅ ይወርድበታል ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ስከፍት ሽማግሌው ይበላል። ደግሞ ጠቀለለ። ቀና ሲል ሰው እንደ ንፍሮ ግጥም ብሎ ሲያየው አገኘው።

«ይኸ ሰው ምን ሁኖ ነው? ምግብ አይቶ አያውቅም?»

አንዱ ከኋላ «ቅቤ አለበት ይሉታል፣ አባባ!» ብሎ ጮኸ።

ሽማግሌው ጉርሻውን ያዝ አድርጎ፣ ምላሱን ላንቃው ላይ አንከባለለ። ዘይቱ እየበረደ ሲሄድ እንደ ጧፍ ሰም ጢሙ ላይ ነጥቶ ረግቶበት ነበር፤ በእጁ ቢጠርገው አልለቅም አለው።

«ቅቤ? ኸረ ቅቤ ቢሆንማ ላሚቱን እከሳት ነበር!»

ገበያው በሳቅ ተናወጠ። ሳቁ ማንኩሳ ድረስ ተሰምቷል ቢሉኝ አምናለሁ። ከሳቁ በኋላ አንዱ እጁን ሰደደ፣ ሌላውም ሰደደ፤ ድስቱ ታጥቦ እንደተቀመጠ ዕቃ እስኪነጣ ድረስ ተጠረገ። ሰኞ አውቶቡሱ በራችን ላይ ቆመ። ረዳቱም ሰማዩን ትቶ እናቴን ማየት ጀመረ።

እኔን ያስደነገጠኝ እንግዲህ አሁን የሚመጣው ነው። ፋሲካ ሳይደርስ ያ ዘይት በከተማው ሱቆች ሁሉ ገባ፤ ቤቱ ያላስገባው ሰው ጠፋ። አንድ ቀን ጠዋት እትዬ ባንቺአየሁ ጣሳ ይዛ መጣች። ይቅርታ ልትጠይቅ ነው ብዬ ልቤ ተንጠለጠለ።

«እታለም ስመኝ፣ ይኸ ዘይት እንዴት ነው እሚቀልጥ? እኔ አልሆንልኝ አለ።»

ይኸው ነው! እናቴም አሳየቻት። እሳቱን እንዴት እንደምትቀንስ፣ በማንኪያ ምን ያህል እንደምትጨልፍ፣ አንድ በአንድ። አፌን ከፍቼ አንዴ አንዷን፣ አንዴ ሌላዋን አያለሁ። አባ ይሁኔም በዘጠኝ ሰዓት ጎራ ብለው በሉ፣ ባረኩ፣ ሄዱ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ «በድለንሻል» ያለ አንድ ሰው አልተገኘም። እንዲያው ነገሩ እንዳልነበረ ሁኖ ተረሳ።

እናቴ ግን ጉልቻዋን ወደ ቤት አልመለሰችውም። ፋሲካ አለፈ፣ ግንቦት በአቧራው መጣ፣ ክረምት ገባ፤ እሷ እዚያው መንገድ ዳር፣ አባቴ በአራት እንጨት ላይ የወጠረላት ሸራ ሥር፣ ድስቷን ገልጣ ትሠራለች። ዝናቡ በነፋስ እየተገፋ ሲመጣ ግማሽ ጀርባዋ ይረጥባል፣ ጭሱ ዓይኗን ያስነባታል። አባቴ ለመናት።

«ግቢ እንጂ ሴትዮ። አለፈ'ኮ!»

«አላለፈም፣ አንለይ። ተረሳ እንጂ።»

እንዲህ ሁና፣ ምግብ ቤቷን እስክትዘጋ ድረስ፣ ስንትና ስንት ዓመት ጀርባዋን ለቤቷ፣ ፊቷን ለመንገዱ ሰጥታ ሠራች። እኛም ልጆቿ በዚያ ድስት አደግን፣ ተማርን፣ ተዳርን። የሚያውቅ ሰው እየጠፋ ሲሄድ፣ ከተማው ስመኝ ውጭ መሥራት የምትወድ፣ ነፋስ የሚስማማት ሴት ናት ብሎ አመነ።

ባለፈው ሁዳዴ ከምኖርበት ከቡሬ ሄጄ፣ እናቴን በባጃጅ አሳፍሬ፣ አዲስ ወደ ተከፈተ ሆቴል ምሳ ልጋብዛት ወሰድኋት። ሜዳው ኮብልስቶን ሁኗል፣ ጭቃው የለም፣ ጫማ የሚውጥ ነገር የለም። ሆቴሉ ፎቅ ነው። ስንገባ እናቴ በሩ ላይ ቀጥ አለች። ወጥ ቤቱ ከአዳራሹ ጋር በመስተዋት ብቻ ተለይቶ፣ ነጭ ቆብ ያደረገ ወጣት ከመስተዋቱ ወዲያ፣ ሰው ሁሉ ፊት፣ ሽንኩርት ያቁላላል። እኔም ደነገጥሁ፤ ለዚህ ብለው ዋጋ ይጨምራሉ አሉኝ። እናቴ ምርኩዟን እየተመረኮዘች ወደ መስተዋቱ ተጠጋች፣ ምግብ በሚወጣበት በትንሿ መስኮት በኩልም ጎንበስ አለች።

«ልጄ፣» አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አንተንስ ምን ብለው አሙህ?»

ልጁ ግራ ገባው፤ ሳቀ። «ኧረ እማማ፣ ማንም ምንም አላለኝም! ፋሽን ነው!»

«እሰይ፣» አለች። «እሰይ የኔ ጌታ።» በመስኮቷ በኩል እጇን አስገብታ ክንዱን ዳበሰችውና ተመልሳ ተቀመጠች።

ያን ጊዜ ከተማው ሙሉ ዓይኑን ድስቷ ላይ ተክሎ ነበር የሚያያት፤ እሷም ያ ዓይን አሁንም እንዳለባት ቆጥራ ነው ዕድሜዋን ሙሉ የሠራችው። ዛሬ ወጣቱ በመስተዋት ውስጥ ቆሞ ይሠራል፣ አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ግን ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። ሽሯችን እስኪመጣ ድረስ፣ ከዚያ ሁሉ ተመጋቢ መካከል ልጁ ሲሠራ የምታየው እናቴ ብቻ ነበረች።