አራት መቶ አሥራ ሁለትን ማን አየ?

ዊልፍ ሃርግሪቭስ አውሮፕላን መመዝገብ የጀመረው በአሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ዘንድሮ ሰባ ስምንት ሞላው። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን እንኳ አውሮፕላን ተሳፍሮ አያውቅም። «ውስጡ ሆነህ ምኑን ታየዋለህ?» ይላል፤ መቼም መልስ አይጠፋውም። ሚስቱ ዶት ከእህቷ ጋር ወደ ስፔን ስትበር፣ እሱ ከማንችስተር አየር ማረፊያ አጥር ጀርባ መሰላል ላይ ቆሞ የተሳፈረችበትን ቁጥር መዘገበ። እጁን ግን አላውለበለበላትም፤ ሁለቱም እጆቹ ካሜራ ይዘው ነበር።

እኔ ለስሊ እባላለሁ፤ ጡረታ የወጣሁ ፖስታ አዳይ ነኝ። ከዊልፍ መሰላል አጠገብ መሰላሌን ካቆምኩ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ማኅበራችን አምስት ሰው አለው። ዊልፍ ሊቀመንበር ነው፤ ኪት ጸሐፊ ነው። ሁለቱ የቢከርተን ወንድማማቾች ተራ አባላት ናቸው፤ ከሳንድዊች በቀር አፋቸውን የሚያስከፍት ነገር እስካሁን አልተገኘም። እኔ ምክትል ሊቀመንበር ነኝ፤ ሥራዬ ምን እንደሆነ የነገረኝ የለም።

ሥራችን ቀላል ይመስላል። እያንዳንዱ አውሮፕላን ጭራው አጠገብ የራሱ ቁጥር አለው። ሁሉም የተዘረዘሩበት መጽሐፍ በየቦርሳችን አለ። አንዱን ስታይ ቁጥሩን ማስታወሻህ ላይ ትጽፋለህ፣ ከዚያ መጽሐፉ ውስጥ ከሥሩ በቀይ ታሰምራለህ። ፎቶ ለትዝታ ነው፤ መስመሩ ግን መሐላ ነው። ዊልፍ ራሱ የጻፈው ደንብ እንዲህ ይላል፦ ቁጥሩን በገዛ ዓይኑ ያላነበበ አያሰምርም። ከፎቶ ማንበብ አይቆጠርም። ሰው ነገረኝ ማለትም አይቆጠርም።

በዚህ ደንብ ኔቪልን አባረነዋል። ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገው አንድ ብርቅ አውሮፕላን አለፈ፤ ሲነቃ ከኪት ካሜራ ላይ አይቶ አሰመረ። ዊልፍ በሁላችን ፊት «ዓይኑን በጨው የታጠበ!» ብሎ ጮኸበት። ድምፅ ሰጠን፣ አምስት እጅ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ኔቪል በየቀኑ እየመጣ ከኛ ሠላሳ እርምጃ ርቆ ይቀመጣል። ስልክ የለውም። አሮጌ የሩቅ ማያ መነጽር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሰማይ ሰማዩን ያያል። እኛም ሰላም አንለው፣ እሱም አይለን።

እኛ ግን ስልክ አለን። ኪት ጠዋት ጠዋት የዕለቱን መርሐ ግብር ቃርሞ ይልክልናል፤ የትኛው ቁጥር በስንት ሰዓት እንደሚያርፍ። ማስታወሻችን ላይ ቁርስ እየበላን እንገለብጠዋለን። ለጊዜ ቁጠባ ነው ተባለ። አጥሩ ጋ ስንደርስ የሚቀረን ሥራ ቆሞ ካሜራ ማንጫጫት ብቻ ነው። ይህ ከደንቡ ጋር ይጋጫል ወይ ብሎ የጠየቀ አባል አልነበረም፤ ምክትል ሊቀመንበሩን ጨምሮ።

ያ ሐሙስ ግን እንደ ሌላው ቀን አልነበረም። አንድ የጭነት ድርጅት ሃያ ስድስት ባለ ሦስት ሞተር አውሮፕላኖች ነበሩት። ዊልፍ ሃያ አምስቱን አሰምሯል። የቀረችው 412 ናት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ስትሸሸው ኖራለች፤ ጉም በጣለ ቀን ታርፋለች፣ እሱ በታመመ ሳምንት ትመጣለች። አሁን አርጅታለች። በኪት ዝርዝር መሠረት ስምንት ሰዓት ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ታርፋለች፣ ከዚያ ወደ አሜሪካ በረሃ ሄዳ ትቆራረጣለች።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለም ብዬ ነበር። የዊልፍን ዓይን ሞራ ጋርዶታል። ዶት ናት ገበያ አግኝታኝ የነገረችኝ። ሐኪሙ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው ብሎት ነበር፤ እሱ ግን ቢላዋ ፈርቶ ሁለት ጊዜ ቀጠሮውን ዘለለ። «ለወንዶቹ እንዳትነግሪ» ብሏታል። ወንዶቹ ማለት እኛ ነን፤ ታናሻችን ስልሳ ስድስት ዓመቱ ነው።

ሻይ የምትሸጠው ጄኒስ የመኪናዋን መስኮት ከፍታ ትጠብቀን ነበር።

«እናንተ ሽማግሌዎች፣ ዛሬ ክራቫት አስራችኋል! ማን ሞቶ ነው?»

«የምትሞተው ገና እየመጣች ነው» አላት ኪት።

«ውይ! ለአውሮፕላን ክራቫት! ባሌ ለሠርጋችን እንኳ አላሰረም። ዊልፍ፣ የኔ ጌታ፣ ስኳሩ በስተቀኝህ ነው። አይ፣ እሱ ጨው ነው።»

ዊልፍ ጨው የገባበትን ሻይ እስከ መጨረሻው ጠጣው። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

ስምንት ሰዓት ሲሆን በምሥራቅ በኩል መብራት ታየ። አምስታችንም መሰላል ላይ ወጣን። ድምፁ ደረትን ያንቀጠቅጣል። አውሮፕላኑ በአጥሩ ላይ እያገሳ አለፈ፤ ካሜራዎቹ ተንጫጩ። ዊልፍ ከሁላችን ቀድሞ «አራት መቶ አሥራ ሁለት!» ብሎ ጮኸ። ኪትና እኔም ተቀብለን ጮኽን። ታላቁ ቢከርተን ኮፍያውን ወረወረ።

«አነበብኳት!» ይላል ዊልፍ፣ መጽሐፉን አፍንጫው ላይ ለጥፎ እያሰመረ። «ጥርት አድርጌ! ካላየኋት ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

በዚህ ጊዜ ነው ከወዲያ በኩል፣ ዘጠኝ ዓመት ያልሰማነው ድምፅ የመጣው።

«አራት መቶ ሰባት ናት።»

ኪት ተቆጣ። «ማን አናገረህ አንተ? እንቅልፋም!»

«ማንም። ግን አራት መቶ ሰባት ናት።»

«አምስት ሰው አይቷታል!»

«አምስት ሰው ቆሟል» አለ ኔቪል። «ካሜራህን አየት አድርግ።»

ኪት ለማሳፈር ብሎ ፎቶውን አሰፋው። ከዚያ ካሜራውን ደረቱ ላይ ለጠፈው። እኔም የራሴን አሰፋሁ። ቁጥሯ እንደ አውራ ጎዳና ማስታወቂያ ተገትሯል፤ 407። አምስት መጽሐፍ ውስጥ ግን ያለችው 412 ነበረች፣ በቀይ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኛ ሁለቱንም ሆነን ተገኘን።

የኪት ስልክ ጮኸ። ድርጅቱ አውሮፕላን ለዋውጧል፤ 412 ከአርባ ደቂቃ በኋላ ታርፋለች።

«በጣም ጥሩ!» አለ ኪት፣ ነፍሱ መለስ ብላ። «እንግዲህ መስመሩ ትክክል ነው። ትንሽ ቀደመ እንጂ።»

«ደንቡስ?» አለ ታናሹ ቢከርተን። በአሥራ ሰባት ዓመት ከሱ የሰማሁት የመጀመሪያው ቃል ይህ ነው።

በደንቡ ከሄድን አምስታችንም መባረር አለብን። ኪት ደብተሩን አውጥቶ በቁም ነገር ያሰላ ጀመር። አምስቱም አባላት ከተባረሩ ድምፅ የሚሰጥ አይኖርም፤ ድምፅ የሚሰጥ ከሌለ ማንም አልተባረረም። ወይም ደግሞ ደንቡ ላይ «ወይም በቅን ልቦና» የሚል ሐረግ ይጨመር። ታላቁ ቢከርተን ደገፈው። ሁሉም ወደ ሊቀመንበሩ ዞሩ።

ሊቀመንበሩ ግን ከመሰላሉ ወርዷል። እግሩን እየጎተተ፣ መሬቱን በጫማው እየዳሰሰ ወደ ኔቪል ይሄዳል። እንዳይወድቅ ብዬ ተከተልኩት።

«ኔቪል» አለው።

«አቤት።»

«አይታየኝም። ዓይኔ ጠፍቷል።»

«አውቃለሁ። ከካቻምና ጀምሮ አውቃለሁ። የካሜራህን ክዳን ሳትከፍት ፎቶ ስታነሳ ሳይህ እውላለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«ማን አናገረኝ?»

ዊልፍ ሊስቅ ሞከረና አቃተው። ኔቪል ከወንበሩ ተነሥቶ እሱን አስቀመጠው። ዘጠኝ ዓመት የተኳረፉ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ሆነው ጠበቁ። እኔ መሄድም መቆየትም አፍሬ እዚያው ተገተርኩ።

መብራቱ ታየ።

«ወጣች» አለ ኔቪል መነጽሩን አንሥቶ። «ከሩቅ ቀጥ ብላ እየመጣች ነው። ክንፏ ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብላል። ቀለሟ ተልጧል፣ ሆዷ ሥር ጥቀርሻ አለባት። ጎማ አወጣች።»

ዊልፍ ጭንቅላቱን ቀና አድርጎ ወደ ድምፁ ያፈጣል።

«ቁጥሯስ?»

«ቆይ። አራት። አንድ። ሁለት። እሷ ናት ዊልፍ። እግዚአብሔርን፣ እሷ ናት።»

አገሳች፣ በላያችን አለፈች፣ የጎማው ጩኸት ከአጥሩ ወዲያ ተሰማ። ዊልፍ እንባው አገጩ ድረስ ወርዶ ነበር። እኔ ሰው ሲያለቅስ አልወድም፤ የዚያን ዕለት ግን ዓይኔን ከፊቱ መንቀል አልቻልኩም።

«ደስ ይበልህ» አለው ኔቪል። «መስመሩ አሁን ልክ ነው። ተወው።»

«ሰው ነገረኝ አይቆጠርም።»

«አቦ ተወው ይሄን ደንብ! ሰባ ስምንት ዓመትህ ነው። ነገ በረሃ ሄዳ ልትቆራረጥ ነው፤ ሁለተኛ አታገኛትም።»

«ከተውኩትማ» አለ ዊልፍ ቀስ ብሎ፣ «አንተን ለምን አባረርኩህ?»

ዊልፍ መጽሐፉን ከፍቶ ከነብዕሩ ሰጠው። «እዚያ መስመር አጠገብ ‹አልታየችም› ብለህ ጻፍልኝ። የቱ ጋ እንደሆነ ለይቼ አላየውም።» ኔቪል ጻፈ። መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ስለነበር ጽሑፉ ወደ ታች ወረደ።

ከኋላችን ኪትና የቢከርተን ወንድማማቾች እየተሳሳቁ እየተጨባበጡ ነበር። የቀድሞው መስመራቸው ላይ ደርበው አሰምረዋል፤ ለማረጋገጥ አንዱ የሌላውን ፎቶ አይቷል። ደንቡ ላይ ሐረጉ በሙሉ ድምፅ ተጨምሯል።

ዊልፍ ወደ እኔ ዞረ። ወደ እኔ ሳይሆን ከእኔ ትንሽ ወደ ግራ።

«አንተስ ለስሊ? አየሃት?»

እኔ አውሮፕላኗን አላየኋትም። ሳልፈልግ የሱን ፊት ሳይ አልፋኛለች።

«አየኋት» አልኩት።

«እሰይ። አስምር እንግዲህ» አለኝ፣ እጁን ዘርግቶ ትከሻዬን እየፈለገ።

ኔቪል ቀና ብሎ አየኝ። እኔም በቀድሞው መስመሬ ላይ ደርቤ አሰመርኩ።