ባለ አንድ እግሯ የምሥራች ወፍ

ቤት ሁሉ ከቢጫ ገደል ተፈልፍሎ በሚሠራበት በዚያ መንደር የሮንግሹ መቀስ ያላለፈበት መስኮት ማግኘት ይቸግራል። አዲስ ዓመት ሲመጣ፣ ልጅ ሲወለድ፣ ሙሽራ ስትገባ፣ መስኮት ላይ የሚለጠፈውን ቀይ ወረቀት የምትቆርጠው እሷ ነበረች። ሮማን ስትቆርጥ ፍሬው ይታያል። የሌሊት ወፍ ስትቆርጥ፣ የሌሊት ወፍ እዚያ በረከት ናትና፣ ሕፃናት ከሥሯ ቆመው ያጨበጭባሉ። ለሠርግ ደግሞ ሁልጊዜ ያው ነው፤ ብቻውን ደስታ ተብሎ የሚነበበው ፊደል ሁለት ጊዜ ጎን ለጎን ተያይዞ፣ ከበላዩ የአበባ ቅርንጫፍ ላይ ሁለት የምሥራች ወፎች ይቆማሉ። ከሁለቱ አንዷ የምትቆመው ግን በአንድ እግሯ ነው። የሮንግሹ ወፍ እንዲህ ናት ተብሎ ስለተለመደ፣ ለምን ብሎ የጠየቀ የለም።

ሮንግሹ አጭርና ፈርጣማ ሴት ናት፤ ምላሷም ከመቀሷ አያንስም። ባሏ ማንሻን ግን ዝምተኛ ነበር። የድሮ ቅርጽ ማባዛት ስትፈልግ ቅርጹን እርጥብ ወረቀት ላይ ትለጥፈዋለች፣ ማንሻን ደግሞ ከሥሩ ኩራዝ ይይዝላታል። ጥላሸቱ ወረቀቱን ያጠቁረውና ቅርጹ ሲነሣ ቦታው ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ በዚያ ላይ ትቆርጣለች። ማንሻን “ክንዴ ዛለ” ሲል፣ “ቀኑን ሙሉ ሲቆፍር የማይዝል ክንድ ለኩራዝ ዛለ?” ትለዋለች። እንዲህ ሲነታረኩ፣ ወንድም ሴትም ወልደው፣ ወላጆቿ የሞቱባትን የወንድሟን ልጅ ያንኒንም አሳድገው፣ ደስ ብሏቸው ኖሩ።

በዚያ አገር ባሏ በሕይወት ያለ፣ ወንድም ሴትም የወለደች ሴት በረከቷ ሙሉ ነው ትባላለች። የሙሽራ አልጋ የምታነጥፈው፣ ብርድ ልብሱ ጥግ ውስጥ ቴምርና ኦቾሎኒ የምትሰፋው፣ የጫጉላውን ቤት መስኮት የምታስጌጠው እንዲህ ያለችዋ ብቻ ናት። መበለት እንኳን መስኮቱን ልትነካ፣ ከግቢው በር አታልፍም።

ማንሻን በመኸር ወራት ነዶ እንደ ተሸከመ ወደቀና በዚያው ቀረ። ሮንግሹ ከቀብር መልስ ቀዩን ወረቀት ጠቅልላ ከመቀሱ ጋር ሣጥን ውስጥ ከተተችው። ማንም ተዪ አላላትም። ደንቡን ስታጠብቅ የኖረችው ራሷ ስለነበረች፣ በራሷ ላይም አጠበቀችው።

ችግሩ የመጣው ያንኒ ልታገባ ስትል ነው።

“አክስቴ፣ የኔን መስኮት ማን ነው የሚቆርጠው?” አለች ልጅቷ።

“አማትሽ ጉይፋንግን መርጣለች።”

“ጉይፋንግን? እሷ በመቀስ የምታውቀው የሽንኩርት ጅራት መቁረጥ ነው!”

“ባሏ አለ፣ ልጆቿ አሉ። የሚፈለገው እሱ ነው።”

“እኔ ያንቺን ነው የምፈልገው። ‘ያንቺ ቀን ሲደርስ ታያለሽ’ ስትዪኝ አልነበር?”

“ብዬሻለሁ። ያን ጊዜ ሰው ነበርኩ። አሁን በመበለት እጄ ትዳርሽን ላበላሽልሽ?”

ያንኒ አለቀሰች። ሮንግሹ ጀርባዋን ሰጥታ ሊጡን ትደበድበው ጀመር። ልጅቷን መከልከሉ ከበዳት፤ ፍርሃቷ ግን ይብሳል። ነገ የያንኒ ባል ቢታመም፣ ልጅ ቢዘገይ፣ ያን ወረቀት እያሰበች ራሷን ስትረግም እንደምትኖር ታውቃለች።

ሠርጉ ሲቃረብ አንድ ከሰዓት በኋላ ጉይፋንግ በብብቷ የሆነ ነገር ሸጉጣ መጣች።

“እትዬ ሮንግሹ፣ አለሽ?”

“ግቢ። ምን ተሸክመሽ ነው?”

“ጉዴን!” አለችና የተቀዳደደ ቀይ ወረቀት መደቡ ላይ ዘረገፈችው።

ሮንግሹ አንዱን በሁለት ጣቷ አነሣችው። “ይቺ ደግሞ እንቁራሪት ናት?”

“ኧረ የምሥራች ወፍ ናት!”

“ምሥራቹን ሳታደርስ መንገድ ላይ ሞታለቻ።”

ሮንግሹ ከማንሻን ሞት ወዲህ ስትስቅ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው። ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ጉይፋንግ እንባዋን ጠረገች።

“ከገበያ የታተመውን ልግዛ ብዬ ነበር። ያንኒን ሳያት አፈርኩ። አንቺ ቁረጪው እትዬ፣ እኔ እለጥፈዋለሁ። እኔ ነኝ የቆረጥኩት እላለሁ።”

“አብደሻል? መበለት የነካው...”

“መበለት፣ መበለት! የኔስ ምኑ ነው ሙሉ? ባሌ ከተማ ከገባ ለአዲስ ዓመት እንኳን ዞር ብሎ አላየኝም። ስሙ ስላለ ብቻ ሙሉ ነሽ ይሉኛል። ያንቺው ሰውዬ እኮ ክንዱ እስኪዝል ኩራዝ ይይዝልሽ ነበር። ከሁለታችን የጎደለባት ማን ናት?”

ሮንግሹ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ኩራዝ አየችው። ከዚያ ተነሥታ ሣጥኑን ከፈተች፤ የድሮውን የሠርግ ቅርጽ አውጥታ እርጥብ ወረቀት ላይ ለጠፈችው።

“ያን ኩራዝ አውርጂና ያዢልኝ። በጣም አታስጠጊው፣ ታቃጥዪዋለሽ።”

ጉይፋንግ ያዘች። ትንሽ ቆይታ፣ “ውይ፣ ክንዴ ዛለ” አለች።

የሮንግሹ እጅ ቆመ። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ፣ አልጠረገችውም። “ዝም ብለሽ ያዢ” አለችና ሥራዋን ቀጠለች።

በሠርጉ ዋዜማ ሮንግሹ የሙሽራዋን ብርድ ልብስ አቅፋ እስከ ሙሽራው ግቢ ሄደች። በሩ ላይ ስትደርስ እንደ ደንቡ ቆመች። ጉይፋንግ በርጩማ ላይ ወጥታ በዱቄት ሙጫ ትለጥፋለች። የሙሽራው እናት ጂንላን ደግሞ፣ ድስት ሳትከፍት የማታልፍ ሴትዮ፣ ከሥሯ ቆማ ታያለች።

“ማነው የቆረጠው?”

“እኔ ነኛ” አለች ጉይፋንግ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ።

ጂንላን ጠጋ አለች። ጣቷን አንሥታ ከወፎቹ በአንዷ እግር ላይ አሳረፈች፤ አላነሣችውም። ሮንግሹ ብርድ ልብሱን አጥብቃ አቀፈች።

ያቺ ወፍ ለምን አንድ እግር እንዳላት የምታውቀው ሮንግሹ ብቻ ነበረች። ወንድም ሴትም ወልዳ በረከቷ ገና እንደ ሞላ፣ መጀመሪያ የተሰጣት የሠርግ መስኮት የዚችው የጂንላን ነበር። ስትቆርጥ መቀሱ አዳለጣትና የወፏ እግር ተቆርጦ ወደቀ። ሌላ ወረቀት ስላልነበረ እንዳለ ለጠፈችው፣ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ዓመቱን ሙሉ የጂንላንን ቤት በስጋት ስትጠብቅ ከረመች። ጂንላን ጤነኛ ወንድ ልጅ ስትገላገል ግን፣ ሮንግሹ ወፏ ገደኛ ናት ብላ ከዚያ ወዲህ ለሁሉም ሙሽራ በአንድ እግር የምትቆም ወፍ መቁረጥ ጀመረች። ነገ የሚያገባው ያ ልጅ ነው።

“ይቺን ወፍ አውቃታለሁ” አለች ጂንላን። “ሙሽራ ሆኜ ቀና ብዬ ሰው ማየት ሳፍር ያየሁት እሷን ነበር። አንዱ እግሯ የት ገባ ስል ነው የዋልኩት።” ዞር ብላ ወደ በሩ ተጣራች። “ሮንግሹ! እዚያ ምን ይገትርሻል?”

“ብርድ ልብሱን ተቀበሉኝ። እኔ አልገባም።”

ጂንላን ግቢው ጥግ እንጨት እየፈለጠ ብቻውን የሚያጉረመርመውን ባሏን አየችው፣ ከዚያ ወፏን።

“በአንድ እግሯ ቆማ ይኸው እዚህ አድርሳኛለች። ልጄን ሰጥታኛለች። አሁን ደግሞ ልጅሽን ልትሰጠኝ ነው” አለች። “ነይ ግቢ። ይቺ ጉይፋንግ ጥጉን አላጣበቀችውም፣ በንፋስ ሊነሣ ነው።”

ሮንግሹ ብርድ ልብሱን ለጉይፋንግ አስታቅፋ በሩን አለፈች። በርጩማው ላይ ወጣች፣ ጂንላን የሙጫውን ሳህን ይዛላት ቆመች። ሮንግሹ ሙጫው እስኪደርቅ ጥጉን በአውራ ጣቷ ተጭና ያዘችው።