ሠላሳ ሁለተኛው መጠይቅ

ፎዚያን ያወቅኳት ዓይኔን በጨው አጥቤ ሠላሳ ሁለት መጠይቆች ጠረጴዛዋ ላይ የቆለልኩ ቀን ነው። እያንዳንዱ ስምንት ገጽ ነበር፣ ያውም በእንግሊዝኛ። ለኔ ቢሰጡኝ አልሞላውም ነበር።

ያኔ አዳማ ውስጥ የሁለተኛ ዲግሪዬን እየጨረስኩ ነበር። ጥናቴ “በድርጅቶች ውስጥ የመረጃ ቴክኖሎጂ ፕሮጀክቶች ለምን ይሳካሉ፣ ለምንስ ይከሽፋሉ” የሚል ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ የመስኖ ድርጅት ወንዞች ላይ አሥር የውሃ መለኪያ መሣሪያዎች ተክሎ፣ ቁጥራቸው አዳማ ቢሮ ውስጥ ስክሪን ላይ እንዲታይ አድርጎ ስለነበር ለጥናቴ መረጥኩት። ፎዚያ የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ናት። ወላጆቿ ከወሎ መጥተው አዳማ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ሲነግዱ የኖሩ ናቸው፤ እሷ ግን ንግድ አልሆነላትም። እምቢ ማለት አትችልማ። የባልደረቦቿን የፈቃድ ማመልከቻ የምትጽፈው እሷ፣ የታመመ ለመጠየቅ መዋጮ የምትሰበስበው እሷ፣ የጠፋ ማህተም የምትፈልገው እሷ ናት።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ቁም ነገር ብላ የያዘችው አንድ ሥራ ነበራት። ከሶደሬ ወዲያ፣ ከአርሲ ተራራ የሚወርደው ወንዝ አዋሽ ከመግባቱ በፊት፣ ዳር ላይ ከአሥሩ መሣሪያዎች አንዱ አለ፤ ከሱ አጠገብ ቁጥር የተቀባበት ብረት ቆሟል። ጋሽ ደገፋ የሚባሉ የሰፈሩ ሰው ጠዋት ጠዋት ወርደው ውሃው የት ቁጥር ላይ እንደደረሰ ያዩና ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይደውላሉ።

“ኢንተላ ኮ፣ አከም ቡልቴ?” ይሏታል በኦሮምኛ፤ ልጄ፣ እንዴት አደርሽ ማለታቸው ነው።

“ነጋ፣ ደኅና ነኝ ጋሽ ደገፋ። ስንት ነው ዛሬ?”

“አንድ ሜትር ከሃያ።”

ፎዚያ መዝገብ ላይ ታሰፍረዋለች። ሦስት ሜትር ላይ ቀይ መስመር አለ፤ ውሃው ወደዚያ ከተጠጋ ለሥራ አስኪያጁ ትናገራለች፣ እሱ ለቀበሌው ይደውላል፣ ቀበሌው ሰፈሩን ያስነሳል። ድርጅቱ ካላዘዘ ቀበሌው ሰው አያስነሳም፣ ቀበሌው ካላለ ደግሞ ከብቱንና ቤቱን ጥሎ የሚወጣ የለም። አሥራ አራት ዓመት እንዲህ ኖሩ። በአካል የተገናኙት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ፎዚያ ግን ድምፃቸውን ሰምታ ጉንፋን እንደያዛቸው ታውቃለች።

መጠይቆቹን ልወስድ በሦስተኛው ቀን ስመለስ ሁሉም ተሞልተው ጠበቁኝ። ግማሹ በሰማያዊ፣ ግማሹ በጥቁር እስክሪብቶ። የአንዳንዱ ምልክት ወደ ቀኝ፣ የአንዳንዱ ወደ ግራ ያዘነብላል። መልሱ ግን ከዳር እስከ ዳር “በጣም እስማማለሁ” ነው። የሞላቻቸው ማን እንደሆነ ለማወቅ ተመራማሪ መሆን አያስፈልግም።

“ሰው ሥራ በዛብኝ እያለ ባዶውን መለሰልኝ” አለች አንገቷን ደፍታ። “የመመረቂያህ ቀን እንዳያልፍብህ ብዬ ነው። የመጨረሻው ግን የራሴ ነው። እሱን ከልብህ አንብበው።”

አነበብኩት። ፎዚያ አብዛኛው ላይ “በጣም አልስማማም” ብላለች። ጀርባው ላይ በአማርኛ እንዲህ ጽፋለች፦ “መሣሪያው ጭቃ ሲገባበት አንድ ቁጥር ላይ ቀጥ ይላል። ሁለት ጊዜ አይቻለሁ። ጋሽ ደገፋን አታስቀሯቸው።”

ኮምፒውተሩ ውስጥ ሳስገባው ውጤቴን አበላሸብኝ። አማካሪዬ፣ ከሌሎቹ ያፈነገጠ መልስ ከሆነ ምክንያቱን ጽፌ ማውጣት እንደምችል ነገሩኝ። አወጣሁት። ምክንያቱን ግን አልጻፍኩም። ሠላሳ አንድ ሰው በአንድ ድምፅ የተስማማበት ጥናት ሆነልኝ። በአራተኛው ምክረ ሐሳቤ ላይ “በእጅ የሚከናወነው ንባብ ቢቀር የድርጅቱን ስትራቴጂ ያግዛል” ብዬ ጻፍኩ። “እጅግ በጣም ጥሩ” ተሰጠኝ፤ እናቴ እልል አለች። አንድ ቅጂ አስጠርዤ ለሥራ አስኪያጁ ለአቶ ንዋይ ሰጠሁት።

አቶ ንዋይ ክፉ ሰው አይደለም። ከበላይ “ማስረጃ አምጣ” የሚባል፣ እሱም ከበታቹ ማስረጃ የሚጠይቅ ሰው ነው። የኔን ጥናት አገኘ። በመስከረም የጋሽ ደገፋ ውል ተቋረጠ።

ሽማግሌው ግን ወንዙን አልተዉም። ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን የፎዚያ የግል ስልክ ይጮሃል። መዝገቡ ተወስዶባት ስለነበር የልጇ አሮጌ ደብተር ላይ ትጽፈዋለች። መንገድ ላይ ባገኘችኝ ቁጥር ይህንን እየነገረችኝ ትስቃለች፤ እኔም አብሬያት እስቃለሁ። ያን ጊዜ በኮሌጅ ማስተማር ጀምሬ ነበር፤ ከመመረቂያ ጥናቴ ያወጣሁት ጽሑፍ ለዕድገት ቀርቦልኛል። የፎዚያ ወረቀት ግን በመሳቢያዬ ነበር። ለምን እንዳልቀደድኩት አላውቅም።

ነሐሴ ላይ በአርሲ በኩል ሰማዩ ጠቁሮ ሰነበተ። አንድ ሐሙስ ጠዋት ፎዚያ ደወለችልኝ። ድምፅዋ የወትሮው አልነበረም።

“ስክሪኑ አንድ ከአርባ ሁለት ካለ ዘጠነኛ ቀኑ ነው” አለች። “አረንጓዴ ነው፣ ምንም የለም ይላል። ጋሽ ደገፋ ዛሬ ሁለት ከሰባ ብለውኛል። ውሃው አፈር አፈር ይሸታል አሉኝ።”

“ለአቶ ንዋይ ንገሪዋ!”

“ነገርኩት። ጥናትህን አውጥቶ አሳየኝ። ሠላሳ አንድ ሠራተኛ በመሣሪያው ይተማመናል፣ አንቺ ከሥራ በተሰናበተ ሰው ቃል ሕዝብ አስነሣ ትይኛለሽ አለኝ። ዛሬውኑ ና። ያን የኔን ወረቀት ይዘህ ና። ሠላሳ አንዱን የሞላሁት እኔ ነኝ ብዬ ፊቱ እናገራለሁ፣ ያባርረኝ። አንተም እውነት ነው በለው። ካንተ አፍ ከሰማ ያምናል።”

በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ የዕድገት ኮሚቴው ይሰበሰባል። ስለዚያው ጽሑፍ።

“ዛሬ አይመቸኝም” አልኳት። “ነገ ጠዋት ሁለት ተኩል ላይ ቢሮሽ ነኝ።”

ከኮሌጁ እስከ ፎዚያ ቢሮ በባጃጅ አሥር ደቂቃ ነው። ፈርቼ ነው እንጂ ሳይመቸኝ ቀርቶ አይደለም።

“እሺ” አለች፤ እምቢ ማለት የት ታውቅና። “እንግዲያው ጋሽ ደገፋ ያኔ ልኩን እንዲሰጡን እነግራቸዋለሁ። አቶ ንዋይ በጆሮው ይስማው።”

ዕድገቴ ጸደቀ። አርብ ጠዋት ወረቀቱን በቦርሳዬ ይዤ ደረስኩ። ፎዚያ አቶ ንዋይን ለምና አስቀምጣዋለች፤ ስልኳን ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው መሐል አኑራዋለች። ስክሪኑ አንድ ከአርባ ሁለት ይላል፣ አረንጓዴ። ሁለት ሰዓት ተኩል ሆነ። ስልኩ አልጮኸም። አቶ ንዋይ ሰዓቱን አየ። ለሦስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ፎዚያ ራሷ ደወለች፤ ስልካቸው ዝግ ነው። ደጋግማ ደወለች።

ሦስት ሰዓት ላይ በማናውቀው ቁጥር ተደወለ። የጋሽ ደገፋ ጎረቤት ካሚል ነበር፤ እያለከለከ ነው የሚያወራው።

“ጋሽ ደገፋ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቤት ለቤት እየዞሩ አስወጡን። ቀበሌው ምንም አላለም ብለን ስንከራከራቸው በዱላቸው በር እየደበደቡ አስወጡን። ሁላችንም ዳገቱ ላይ ነን፣ አልሐምዱሊላህ፣ ሕፃን እንኳ አልቀረም።”

“ጋሽ ደገፋን አቅርብልኝ” አለች ፎዚያ።

ከስልኩ ውስጥ የውሃው ድምፅ ይሰማል።

“ሁለት ሰዓት ሲሆን ተመልሰው ወረዱ” አለ ካሚል። “ያዝናቸው፣ ለመንናቸው። ‘አዳማ ያሉት ቁጥሩን ይጠብቃሉ፣ ለልጅቷ ቃል ገብቻለሁ’ አሉ። ብረቱም የለም አሁን። ቤቶቹም የሉም።”

ፎዚያ የልጇን ደብተር ከፈተች። የዕለቱን ቀን ጻፈች፤ ከጎኑ ግን የምትጽፈው አጣች፣ እስክሪብቶውን እንደያዘች ቀረች። ማልቀስ የጀመረችው በኋላ ነው።

እኔ ቦርሳዬን ከፍቼ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ሌላ የማደርገው አልነበረኝም። አቶ ንዋይ አነሳው፣ ገለበጠው፣ የጀርባውን ጽሑፍ ሁለቴ አነበበው።

“ይኼ የት ነበር?” አለኝ።

“እኔ ዘንድ” አልኩት።