ክር በሌለው ማሽን

ዛሬ ሆሳዕና ከተማ ውስጥ ክር በሌለው የልብስ ስፌት ማሽን ስሰፋ አረፈድኩ። እንግዶች አጨበጨቡልኝ!

ሥራ ፈላጊ ሴቶችን አሠለጥናለሁ ያለው የከተማችን በጎ አድራጎት ማኅበር ከመዘገበን ወራት አለፉ። ማሽኖቹ መጥተዋል፤ ሥልጠናው ግን «ትንሽ ታገሡ» ሆኖ ቀረ።

ዛሬ በማለዳ «ለጋሾች ሊጎበኙን ነው» ብለው ደውለው አጣደፉን። ስንደርስ ማሽኖቹ ፕላስቲካቸው ተገፎ ተደርድረዋል።

«ፔዳሉን እየረገጣችሁ ፈገግ በሉ» አለን አስተባባሪው። ለካ የተመዘገብነው ለፈገግታ ሥልጠና ኖሯል!

ከሆመቾ በሚኒባስ የመጡት እትዬ ብርቅነሽ «ክሩስ ልጄ?» ብለው ጠየቁት።

«ዛሬ ለፎቶ ብቻ ነው፣ እናቴ» አላቸው፤ ትንሽ እንኳን አላፈረም።

እንግዶቹ ፎቷቸውን አንስተው ሄዱ። መኪናቸው ገና ከግቢው ሳይርቅ «በሉ፣ አቧራ እንዳይገባባቸው ፕላስቲኩን መልሱት» ተባልን።

እኔ እየተናደድኩም ቢሆን ፕላስቲኩን አነሳሁ። እትዬ ብርቅነሽ ግን ከወንበራቸው ንቅንቅ አላሉም።

«ልብስ መስፋት ልማር ነው የመጣሁት። ሳልማር አልነሳም።»

ፕላስቲኩን ጥዬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሌሎቹም ተቀመጡ። ይህን የምጽፍላችሁም ከዚያው አዳራሽ ሆኜ ነው።

ዱራሜ፣ ሙዱላ፣ የትም ሆናችሁ ለፎቶ ብቻ የተጠራችሁ ካላችሁ እዚህ ሥር ጻፉ፤ ብቻችንን እንዳልሆንን እንወቅ።

ሆሳዕና ያላችሁ ደግሞ ክር ይዛችሁ ኑ።