የእናቴ እጆችና የእኔ ልብ

በአሥራ አንድ ዓመቴ ቶንሲል ያዘኝ። እሱ ሲለቀኝ ጉልበቴና ቁርጭምጭሚቴ አብጦ መራመድ አቃተኝ። ከምንኖርባት ከኡኬ ነቀምቴ ሆስፒታል ስንሄድ ሐኪሙ ልቤን ደጋግሞ አዳመጠና ልብ የሚጎዳ የሩማቲክ ትኩሳት መሆኑን ለእናቴ ነገራት። ከዚያ ወዲያ በየአራት ሳምንቱ ፔኒሲሊን መወጋት ነበረብኝ። አባቴ ወታደር ሆኖ ሰሜን ስለነበር የምታመላልሰኝ እሷ ናት።

እናቴ በር ቆልፋ መሄድ አይሆንላትም ነበር። ትቆልፋለች፣ ትገፋዋለች፣ ጥቂት ተራምዳ ትመለሳለች። እኔ ከታመምኩ በኋላ ደግሞ መታጠቡ ባሰባት። በሽታውን በቆሸሸ እጇ ያመጣችብኝ መስሏት እስከ ክርኗ ትታጠባለች፤ ጨርሳ እንደገና ትጀምራለች። ሳሙና በቀበሌ ሱቅ በራሽን የሚታደልበት ዘመን ነው። ድርሻችን በሳምንት ያልቃል፤ ከዚያ በአመድ ትፈትጋለች። ጎረቤቱ ዛር ነው አለ፤ ጠበልም ወሰዷት። እኔም ልጅ ነኝና ሰው ፊት አፍርባት ነበር።

አንድ ጠዋት ሎንችናው መንገድ ዳር ቆሞ ጥሩምባውን ሲነፋ እሷ ለአራተኛ ጊዜ ወደ በሩ ተመለሰች። ጥሎን ሄደ። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። መርፌው አለፈኝ፤ ሳምንታት ቆይቶ ትኩሳቱ ተመለሰብኝ።

ነቀምቴ የሚወጋኝ ድሬሰር ፀጉሩ የሸበተ የአርጆ ሰው ነበር። ይቆጣናል ብዬ ስፈራ፣ መርፌውን አስቀምጦ እናቴን አያት።

«አዴ፣ እስቲ እጅዎን ያሳዩኝ» አላት፤ በኦሮምኛ እናቴ እንደ ማለት ነው።

ነጠላዋ ውስጥ ደበቀችው። ቆይታ ዘረጋችው። ቆዳው ተሰነጣጥቆ ይደማል።

«የቀረነው በእኔ ጥፋት ነው፤ በሩ አላስኬደኝም» አለችና አለቀሰች።

«ከቤተሰብዎ እንደ ልጅዎ መገጣጠሚያው ያበጠ ነበር?»

«ታናሽ ወንድሜ። በልቡ ሞተ።»

ድሬሰሩ ራሱን ነቀነቀ። «ይህ ትኩሳት ባለበት ቤት እንደ እርስዎ ያለ ጭንቀት ደጋግሜ አይቻለሁ። ለምን አንድ ላይ እንደሚገኙ አላውቅም። ግን ሕመም ነው አዴ፤ ጥፋትዎ አይደለም፤ ልጅቷንም ያሳመሟት እርስዎ አይደሉም።»

እናቴን እንደዚያ ያናገራት ሰው አልነበረም። «ገለቶማ» ብላ በኦሮምኛ አመሰገነችው።

ከዚያ ምክር ሰጣት። አንዴ ቆልፋ ቁልፉን ለጎረቤት ትስጥ፤ ጎረቤቱ ግን «ተቆልፏል» እያለ አያጽናናት፣ ማጽናናቱ ጭንቀቱን ያብሰዋልና፤ ዝም ብሎ መንገድ ድረስ ይሸኛት። ለእጇም ቫዝሊን ሰጣት።

ጎረቤታችን ባለሱቅ ጉራጌ ነበር። ነገሩን ስትነግረው አልሳቀም። በመርፌዬ ቀን ሱቁን ዘግቶ ይመጣል፣ ቁልፉን ኪሱ ይከታል፣ አብሯት ይሄዳል። መጀመሪያ ሰሞን እናቴ ላብ እያጠመቃት ትለምነው ነበር።

«ተቆልፏል ወይ? አንዴ ብቻ ንገረኝ!»

«እኔ እንጃ እህቴ፤ ሎንችናው መጣ፤ ግቢ» ይላታል።

ሎንችናው ውስጥ እጄን ጨብጣ ወደ ኋላ ወደ ቤታችን ታያለች። ነቀምቴ ስንደርስ ግን ትረጋጋለች። ከዓመት በኋላ ቁልፉን ራሷ ይዛ መሄድ ቻለች። መታጠቡ ሙሉ በሙሉ አልተዋትም፤ አመዱን ግን ተወች። ከዚያ በኋላ አንድም መርፌ አላለፈኝም።

መምህርት ሆኜ ደምቢ ዶሎ ስመደብ ያው የእናቴ ጭንቀት እኔንም ያዘኝ። የተማሪዎችን ፈተና አርሜ ጨርሼ ስህተት ሠራሁ እያልኩ እንደ አዲስ እጀምር ነበር። ሆኖም አልደነገጥኩም፤ ሕመም መሆኑን በልጅነቴ ሰምቻለሁ። ለእናቴ ጻፍኩላት። «ወረቀቱን ለሌላ መምህር ስጪና ወጥተሽ ሂጂ፤ መጀመሪያ ያስጨንቃል፣ ኋላ ያልፋል» ብላ መለሰችልኝ። ሰጠሁ፤ አለፈም።

ልቤ ዛሬም ትንሽ የተለየ ድምፅ አለው፤ ሐኪሞች ሲያዳምጡኝ ፊታቸው ይለወጣል። ግን ሦስት ልጆች ወልጄ አሳድጌበታለሁ። ያ ድሬሰር ወዴት እንደተዛወረ አላወቅንም። እናቴ ስሙን እንኳ ጠይቃው አታውቅም፤ ስትጸልይ «የአርጆውን ሰው» ትለዋለች።