ሁለት የልደት ቀን ያላት ልጅ

ገዳሪፍ ውስጥ የስደተኞችን መረጃ በኮምፒዩተር ሳደራጅ በሥራዬ አልታማም ነበር። ከየመመዝገቢያ ጣቢያው በኤክስኤምኤል ቅርጽ የሚመጣውን ፋይል አርዲኤፍ ወደሚባል ሌላ ቅርጽ እቀይራለሁ፤ ማለትም በየቦታው የተበተነውን መረጃ በባለቤቱ ሥር እሰበስባለሁ። ሱዳናዊው አለቃዬ ግን ቸኩሎ ይህንኑ የሚሠራ፣ ሌላ ቦታ የተዘጋጀ ፕሮግራም አስመጣ። «ኸላስ፣ ይኼ ይበቃናል» አለ።

በማግስቱ አንዲት የመተማ ሴት ልጇን ይዛ መጣች። እናትየው ታማ ስለነበረች ቀድማ ገዳሪፍ ገብታ እኛ ዘንድ ተመዝግባለች፤ ልጅቷ ከጎረቤት ጋር ኋላ ቀርታ መንገድ ላይ ባለው በዶካ ጣቢያ ተመዘገበች። አሁን «አዋቂ ናት» ተብላ ለብቻዋ ወደ ሌላ መጠለያ ልትወሰድ ነው። አውቶቡሱ ነገ ጠዋት ይነሳል።

«የኔ ጌታ፣ እስቲ እያት፣ ይቺ አዋቂ ናት?» አለችኝ።

ልጅቷ የእናቷ ትከሻ ላይ እንኳ አትደርስም። ፌስታሏን ይዛ ቀጥ ብላ ቆማለች፤ እንባ የሚባል የለም። ደሜ ፈላ።

«ተቀመጭ እህቴ፣ አገኘዋለሁ።»

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። ሁለቱን ፋይሎች ጎን ለጎን ከፈትኩ። በሁለቱም የልደት ቀን አለ፤ ከፊቱም ያው አጭር ምልክት። ምልክቱ ግን የቤት ስም ነው እንጂ ማንነቱን የሚናገረው ፋይሉ አናት ላይ ያለው ረጅም አድራሻ፣ ኔምስፔስ የምንለው ነው። የእኛ አድራሻ የፈረንጅ አቆጣጠርን ያመለክታል። የዶካ መዝጋቢዎች የአገሬ ልጆች ናቸውና ሰው እንደነገራቸው በሐበሻ አቆጣጠር ጽፈው፣ ይህንኑ በራሳቸው አድራሻ ለይተውታል። ፕሮግራሙ ምልክቱን ብቻ አይቶ ሞክሼዎቹን አንድ አደረጋቸው። በልጅቷ ላይ ሰባት ስምንት ዓመት ተጫነባት።

ፕሮግራሙን በሙሉ አድራሻው እንዲለይ አድርጌ እንደገና ጻፍኩት። የዶካው ልደት ለብቻው ሲወጣ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መለስኩት። አለቃዬ ከኋላዬ ቆሞ «ተማም፣ ተማም» እያለ ያደንቃል። ልጅቷ አሥራ ሦስት ዓመቷ ሆነ፤ በመዝገቡ ከእናቷ ሥር ገባች፤ ከተጓዦቹ ዝርዝርም ወጣች።

«ነገስ?» አለች እናትየው።

«ነገ የትም አትሄድም። ካንቺው ጋር ናት።»

«አልሐምዱሊላህ!»

ወደ ልጅቷ ዞሬ «አንቺ ገና ልጅ ነሽ» አልኳት። ፌስታሉን ጣለችው፤ እናቷ ጉያ ገብታ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።